ወደ ሐርቡ፣ በጳጉሜ

ሀኒያ እጇን ያነሳችው አራተኛ ሆና ነው። ከእሷ በፊት ሦስት እጆች ወጥተው ነበር፤ ከእሷ በኋላ አራት ተከተሉ። ስምንት ሰው፣ ስምንት እጅ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ንፋስ የቢሮውን መስኮት እያንኳኳ፣ ነገሩ እንዲሁ በቀላሉ አለፈ። እጅ ማንሳት ምን ይከብዳል? እሷ ግን ያን እጇን እስከ ዛሬ አላወረደችውም።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የምትሠራው አዳማ ውስጥ፣ ከታች ጎማ በሚሸጥበት ፎቅ ሦስተኛው ወለል ላይ፣ «ተሳቢ» በሚባል ትንሽ ድርጅት ነው። ተሳቢ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚነሳ ጭነት ያላቸውን ነጋዴዎች፣ ባዶ ቆመው ጭነት ከሚጠብቁ መኪኖች ጋር በመተግበሪያ ያገናኛል። ልጆቹ ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ፤ የሀኒያ ሥራ ግን ስልክ ማንሳት ነው። መተግበሪያ መነካካት የማይወዱ፣ «እኔ የሰው ድምፅ ካልሰማሁ አላምንም» የሚሉ ሹፌሮች ሁሉ የሚደውሉት ወደ እሷ ነው። ጀርባው በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ አለ። «የማይተኛው» ይሉታል።

የማይተኛው በዓል አያውቅም። ስለዚህ በዓሉን ሰዎቹ ተካፈሉት። ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን ሀኒያ ትይዘዋለች፤ ኢድን፣ አረፋንና መውሊድን ደግሞ ሜቲ። ሜቲ የሂሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ የወንጂ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ሳቋ ከደረጃው ታች የሚሰማ። ኢድ ሲደርስ ጨረቃ ታየች አልታየች እየተባለ ሌሊቱን ስትጠብቅ ታድራለች። «ሀኒያ፣ ጨረቃችሁን ንገሪያት፣ ቀጠሮ ታክብር እንጂ!» እያለች ትደውላለች። «እኔ እዚህ ልብሴን ለብሼ ተቀምጫለሁ፤ ልተኛ ወይስ ስልክ ልያዝ?»

የድርጅቱ መሥራች ኪዳነወልድ ይባላል። አዲስ አበባ ተቀጥሮ ሲሠራ የእረፍት ቀን ለምኖ ለምኖ የተከለከለ ሰው ነበርና፣ የራሱን ሲከፍት የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው ነጭ ሰሌዳ ገዝቶ በአረንጓዴ ቀለም ሁለት መስመር መጻፍ ነው።

«እረፍት አይቆጠርም፤ የሚያስፈልገው ይናገር።»

«ጳጉሜን አብረን እንዘጋለን።»

ሰሌዳው ስንት ጊዜ ተጽፎበት ስንት ጊዜ ተጠርጓል፤ እነዚህን ሁለት መስመሮች ግን ማንም አልነካቸውም። የመጀመሪያውን ሁሉም ይወደው ነበር፤ ማንም ግን አይጠቀምበትም። ሀኒያ በሦስት ዓመት ውስጥ የወሰደችው አራት ቀን ነው፤ አንዱንም ጥርሷን አሟት ነው። ሜቲ ይህን ስታስረዳ፣ «ድግስ ቤት እንደሚቀርብ ወጥ ነው እኮ» ትላለች። «‹ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ ቤትሽ ነው› ይሉሻል። ግን ሁሉም ሳህንሽን እያየ ነው። ማን ይጨምራል?»

ሁለተኛው መስመር ግን እውነተኛ ነበር። ጳጉሜ ስትገባ የማይተኛው ይተኛል። ገመዳ፣ የመተግበሪያው ሠሪ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ «ተሳቢ ለአምስት ቀን አርፏል፣ በአዲሱ ዓመት በሰላም እንገናኝ» ብሎ ድምፁን ይቀዳበታል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየእናት ወደየአባቱ ይበተናል። አንዱ ብቻ ቢያርፍ ያፍራል፤ ሁሉም ሲያርፍ ግን የሚያፍር የለም። ለዚህ ነው ያቺ ትንሽ ወር ለሀኒያ ከዓመቱ ሁሉ የምትበልጥባት።

ለዚህና ለአባቷ።

አባቷ አብደላ ሰላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ መጀመሪያ አሰብ፣ ኋላ ጅቡቲ። የተወለደው ወሎ፣ ሐርቡ ነው። ጭነት አቦምሳ አደረሰውና እዚያ የሀኒያን እናት አየ፤ አቦምሳ ቀረ። ቀረ ማለት ግን ቤቱ ቀረ እንጂ እሱስ መንገድ ላይ ነበር። ሀኒያ ልጅ ሆና የኢድ ቀን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የግቢው በር ላይ ትቀመጣለች። የሰው አባት ከሶላት ይመለሳል፤ የእሷ አይመጣም። የሰው ልጅ ይስቃል፣ ይበላል፣ ቀሚሱ ይቆሽሻል፤ የእሷ ቀሚስ እንደታጠፈ ያመሻል። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን፣ አቧራ ለብሶ፣ የጅቡቲ ተምርና ሽቶ ሳሙና ይዞ ከተፍ ይላል። ያኔ ቀሚሱ እንደገና ይለበሳል። የሰፈሩ ኢድ ሲያልቅ የእነሱ ቤት ኢድ ይጀምር ነበር።

እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። አብደላ አሁን ልቡ ትደክምበታለች፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ አንዴ ያርፋል። የምትንከባከበው የእናቷ እህት፣ አክስቷ ሀጂራ ናት። ቀኑን ሙሉ በዚያው በግቢው በር ላይ፣ ሀኒያ ትቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ቦታ ተቀያየሩ፤ ጠባቂዋ ተጠባቂ ሆነች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሐርቡ ሄዶ በእናቱ መቃብር ላይ መቆም። መቃብሯን ካየ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

«አንድ ጊዜ ተሳፋሪ ሆኜ ልሂድ ልጄ» ይላል። «ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ይዤ አስፋልት እንጂ አገር አላየሁም። አንቺ በመስኮቱ በኩል አስቀምጪኝ፤ እኔ ዛፉን እያየሁ ልሂድ።»

«ጳጉሜ እንሄዳለን አባባ።»

«በአላህ?»

«በአላህ።»

ከዚያ ወዲያ የማይተኛው ስልክ አንድ አዲስ ደንበኛ አገኘ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ፣ ብዙ ጊዜ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ድምፁን ወፍራም አድርጎ የሚደውል ሹፌር።

«ሄሎ፣ ተሳቢ ነው?»

«አዎ ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» ትላለች ሀኒያ፣ ሳቋን አፍና።

«ባዶ መኪና ይዤ ቆሜያለሁ። ወደ ሐርቡ ጭነት አለ ወይ?»

«ስንት ኩንታል ይጭናሉ?»

«አንዲት ልጅ። እሷም ካልበላች ኩንታል አትሞላም።»

«ለጳጉሜ አንድ ተይዞልዎታል። ስም ላስመዝግብ?»

«አብደላ በይ። ታርጋው ጠፍቷል።»

ሀኒያም በቀልድ መዘገበችው። ከሹፌሮቹ ዝርዝር መካከል «አብደላ፤ ባዶ፤ መዳረሻ ሐርቡ፤ ጭነት እየጠበቀ» የሚል አንድ መስመር ገባ። ገመዳ አየና ሊሰርዘው ሲል ሜቲ እጁን መታችው። «ተው! የሀኒያ አባት ነው። አንድ ሽማግሌ ቢቆምበት ሰርቨርህ አይሰበርም።»

ሲሰናበት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያንጎራጉርላታል። መንዙማ ነው ይላል እሱ፤ አክስቷ ሀጂራ ደግሞ «የምን መንዙማ፣ የሹፌር እንጉርጉሮ ነው፣ አስተግፊሩላህ በል» ትለዋለች።

«መኪናዬ ባዶ፣ ሆዴ ናፍቆት ጭኖ፣
አልደርስ አለኝ ሐርቡ፣ የሕልም አገር ሆኖ።»

ዘንድሮ ደግሞ መውሊድና ጳጉሜ ጎን ለጎን ነበር የሚውሉት። መውሊድን ከአባቷ ጋር አቦምሳ ውላ፣ በማግስቱ መንገድ ሊጀምሩ። ለሁለት ሰው ቦታ ይዛለች፤ ለእሱ የመስኮቱን በኩል። ኮምቦልቻ ድረስ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮቹ አንድ በአንድ ጠይቃለች። ሁሉም «አብሽሪ፣ ክፍት ነው» ብለዋታል።

ያን ጊዜ ነው ባለ ማዳበሪያው የመጣው። መቶ ሃያ መኪና ማዳበሪያ፣ ከሞጆ ወደ አርሲና ባሌ፤ የሚነሳውም በመውሊድ ዋዜማ፣ የሚያልቀውም ለእንቁጣጣሽ። እንደ ተሳቢ ላለ ትንሽ ቤት ይህ የዓመት እንጀራ ነው። ኪዳነወልድ ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቅ ነበር።

«እኔ አልወስንም» አለ። «ጳጉሜ የሁላችን ናት። ወደ መስቀል እናሸጋግራት ወይስ ሰውየውን ይቅርብን እንበለው? አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው ሥራው ይቀራል። ትሸጋገር የምንል እጅ እናውጣ።»

ከታች ጎማ ሲነፋ ይሰማል። የገመዳ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ የሜቲ። ከዚያ ሌላ አንድ። ሀኒያ ሜቲን አየቻት፤ ሜቲም አየቻት። ሀኒያ አንድ ቃል ልትናገር ነበር። «አባቴ» የሚል፤ ሦስት ፊደል የማይበልጠው፣ ሌላ ምንም ማስረዳት የማይፈልግ። ግን ሰባት ሰው እያያት፣ የሰባት ሰው እንጀራ እያየች፣ «የእኔ አባት ስለታመመ የእናንተ ሥራ ይቅር» እንዴት ይባላል? መስቀልስ ከጳጉሜ ስንት ቀን ይርቃል? ሦስት ሳምንት እኮ ነው።

እጇን አነሳች።

ማታ ደወለችለት። ድምፁን አላወፈረም፤ ድምጿን ሰምቶ ገብቶታል።

«ተሸጋገረ አባባ። ወደ መስቀል።»

«ጭነት መጣ?»

«መጣ።»

«ጭነት ከመጣ ምን ይደረጋል» አለ። «እኔስ ስንቱን ኢድ ላንቺ እንዲህ አልኩሽ። አብሽሪ። ሻንጣዬን ግን አልፈታትም፤ ከፈታኋት የምትቀር ይመስለኛል።»

መውሊድ ዕለት የማይተኛውን መያዝ የነበረባት ሜቲ ናት። የሜቲ ትንሽ ልጅ ግን በትኩሳት አደረ። «እኔ እይዘዋለሁ» አለች ሀኒያ፤ ማንም ሳይጠይቃት። ከአዳማ መስጊዶች ሰለዋት እየተሰማ፣ እሷ ቢሮ ተቀምጣ ከሹፌር ሹፌር ስትል ዋለች። ከዙሁር በኋላ ያ ደንበኛ ደወለ።

«ሄሎ፣ ተሳቢ ነው? ወደ ሐርቡ ጭነት አለ ወይ?»

በሌላኛው ጆሮዋ፣ በራሷ ስልክ የያዘችው ሹፌር መርቲ ላይ ጎማው ፈንድቶ ይጮሃል።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ፣ መልሼ ልደውል?»

«እሺ እመቤቴ፣ እጠብቃለሁ» አለ፤ በሹፌሩ ድምፅ።

መልሳ አልደወለችም። ያን ቀን ሰማንያ ሦስት ጥሪ አንስታለች። ቤቷ ስትደርስ ከነጫማዋ አልጋ ላይ ወደቀች፤ ነገ እደውላለሁ ብላ። ነገ ጳጉሜ አንድ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ ጳጉሜ ሁለት።

ጳጉሜ ሦስት ጠዋት ዝናብ ነበር። ሰው «የሩፋኤል ዝናብ ነው፣ ጠበል ነው» እያለ ልጆቹን ግቢ አውጥቶ ያስመታል። ሀኒያ በሱብሂ፣ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ቢሮ ገብታለች። የራሷ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠርቷል፤ አልሰማችውም። ከዚያ የማይተኛው ጠራ።

«ተሳቢ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ሀኒያ?» የአክስቷ ድምፅ ነው። ሀጂራ ይህን ቁጥር ይዛው አታውቅም፤ አብደላ ግን በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፎት ነበር። «ሀኒያ፣ የኔ እናት፣ ተቀምጠሽ ነው? ተቀመጪ።»

ሜቲ ከጠረጴዛዋ ዞራ ስታይ፣ ሀኒያ ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች፣ በየቀኑ ለሹፌሮቹ በምትናገርበት ድምፅ፣ «እሺ፤ እሺ፤ መጣሁ» ትላለች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች፤ የተኛ ሕፃን እንደሚቀመጥ። ሜቲ ምን እንደሆነ የገባት ከዚያ ነው።

አቦምሳ ስትደርስ ቀብሩ አልቋል። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም፤ ሀጂራ እስከ ዙሁር አስጠብቃለች፣ ከዚያ በላይ አልሆነላትም። ዝናቡ በደራ በኩል ያለውን መንገድ አጨቅይቶት የተሳፈረችበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቆሟል። ሀኒያ መቃብሩን አየችው፤ ገና እርጥብ ነው፤ አፈሩ ላይ የሰዎች ጫማ ዱካ አለ፤ የእሷ ብቻ የለበትም።

ግቢው በር ላይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ፣ ትንሽ ሰማያዊ ሻንጣ ቆማለች።

«ጠዋት ጠዋት አውጥቶ አጠገቡ ያስቀምጣታል» አለች ሀጂራ። «ማታ ያስገባታል። ‹ምን ያደርግልሃል፣ ለመስቀል እኮ ነው ያለችህ› እለዋለሁ። ‹ሹፌር አይታመንም፣ ድንገት ይደርሳል› ይለኛል።»

ሀኒያ ሻንጣዋን ከፈተቻት። አንድ ነጭ ጀለቢያ፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ፌስታል ተምር። ተምሩ ለመንገድ ነው። እንደ ድሮው ዛሬም ተምር ይዞ የሚጠብቃት እሱ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ለራሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ፣ ከየት እንደመጣ በማታውቀው ዜማ አለች፤

«ለሰው ስል አንስቼ፣ እኔ ያን ቀኝ እጄን፣
ከደጅ አስቀረሁት፣ ጠባቂ አባቴን።»

ጳጉሜ አምስት ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሚኒባስ ግቢው በር ላይ ቆመ። ሰባቱም መጡ። ቢሮው ተዘግቷል። የማይተኛውም ተዘግቷል፤ ገመዳ የአምናውን የእረፍት መልእክት ሳይቀይር ከፍቶት ነው የመጣው። ባለ ማዳበሪያው ደውሎ ደውሎ «ተሳቢ አርፏል» እየተባለ ነበር። ለአንድ ሽማግሌ ሕይወት ያልተዘጋ ቤት፣ ለሞቱ ተዘጋ።

ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ኪዳነወልድ፣ «ሀኒያ» አለ፤ «ለምን አልነገርሽንም?»

«ሁላችሁም አነሳችሁ እኮ።»

«እኔ ያነሳሁት ገመዳን አይቼ ነው» አለች ሜቲ፤ ፊቷ በእንባ ተበላሽቷል። «እናቴን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነበር። ‹እሱ ካነሳ› ብዬ ነው።»

ገመዳ አንገቱን ደፋ። «ጳጉሜ ሁለት ቀን ለጋብቻ ሽማግሌ ልልክ ነበር። የልጅቷ ቤት ድንኳን ሁሉ አዘጋጅተው ነበር። ግን ኪዳነወልድን ፊቱ ጠቁሮ ባየሁት ጊዜ... ማንም እምቢ የሚል አልመሰለኝም። ‹መጀመሪያ ላንሳ፣ ይቅለለው› ብዬ ነው።»

ኪዳነወልድ እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ድምፁ ከመዳፉ ውስጥ ነበር የሚወጣው።

«እኔ አንድ ሰው እምቢ እንዲል እየጸለይኩ ነበር። አንድ ሰው ብቻ። ለሰውየው ‹ልጆቼ እምቢ አሉ› ልለው። እኔ ራሴ እምቢ ማለት አቅቶኝ።»

ስምንት ሰው፤ አንድም የፈለገ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ዶሮ ይጮሃል። ሀጂራ ምን እየተባለ እንደሆነ ሳይገባት ለሁሉም ተምር አቀረበች፤ ከሰማያዊዋ ሻንጣ የወጣውን። በሉ። ሀኒያም በላች።

መስቀል ደረሰ። ኪዳነወልድ ከሰሌዳው ላይ «አይቆጠርም» የሚለውን አጥፍቶ፣ ለያንዳንዱ ሰው ሃያ ቀን፣ በስም፣ አስገድዶ የሚያስወጣ ሕግ ጻፈ። ከዚያ የተሸጋገረው እረፍት ተጀመረ፤ አምስቱ ቀን።

«እኔ ስልኩን እይዘዋለሁ» አለች ሀኒያ።

«አብደሻል?» አለች ሜቲ። «ይዘጋል እኮ! ገመዳ ድምፁን ቀድቶበታል።»

«ይጥፋ። እኔ እይዘዋለሁ።»

«ሀኒያ፣ ሐርቡ ሂጂ። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። የመስኮቱን በኩል ላንቺ እለቃለሁ።»

«አሁን የት ልሂድ፣ ሜቲ?» አለች ሀኒያ። አልተቆጣችም፤ የምር ነበር የጠየቀችው። ሜቲ አቀፈቻትና ወጣች።

ደመራው ምሽት ላይ ሊለኮስ ነው፤ ከተማው ሁሉ ወደ አደባባይ እየፈሰሰ ነው። ቢሮው ውስጥ ሀኒያ ብቻዋን። ዝርዝሩን ከፈተች። ሹፌሮቹ ሁሉ አርፈዋል፤ ከአንድ መስመር በቀር። አብደላ፤ ባዶ፤ መዳረሻ ሐርቡ፤ ጭነት እየጠበቀ። ጣቷን «ሰርዝ» የሚለው ላይ አደረገች፤ አነሳችው።

ስልኩ ጠራ።

«ተሳቢ ነው?» የሽማግሌ ድምፅ፤ ድካም ያለበት። «ሰዓድ እባላለሁ። ሞጆ ሦስት ቀኔ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ጭነት አለ ወይ ልጄ? አገሬ ነው፤ ባዶዬን ከምገባ ብዬ ነው።»

አየች። ምንም የለም። ከሦስት ቀን በኋላ ምናልባት። ተሳቢ የተከፈተው መኪና ባዶውን እንዳይሄድ ነው፤ እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሹፌር ሁሉ «ትንሽ ይጠብቁ» ስትል ኖራለች።

«ልጆች አሉዎት?» አለች።

«አራት። ምነው?»

«ባዶዎን ይሂዱ።»

«እንዴ! ናፍጣውስ?»

«አባባ፣ ባዶዎን ይሂዱ። እኔ ነኝ የምልዎት። አሁኑኑ ያስነሱት።»

ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። በድምጿ ውስጥ ያለውን ነገር ሰምቶ ይሆናል፤ ሹፌር መንገዱንም ሰውንም በጆሮው ነው የሚያውቀው። «እሺ» አለ። «እሺ ልጄ፣ እሄዳለሁ።»

«ሐርቡን ያልፋሉ?»

«በሐርቡ ነው እንጂ በየት።»

«እዚያ ሲደርሱ አንድ አፍታ ይቁሙልኝ።»

«ምን ላድርስልሽ?»

«ምንም። ዝም ብለው ይቁሙ።»

የመኪናው ሞተር ሲነሳ ተሰማት፤ አንዴ ሳለ፣ ከዚያ ያዘ። ሰውየው ስልኩን መዝጋት ረስቷል። ሀኒያም አልዘጋችውም። ከውጭ የደመራው እልልታ ሲነሳ፣ እሷ ባዶው መኪና ከሞጆ ሲወጣ፣ አስፋልቱን ሲይዝ፣ ማርሽ ሲቀይር፣ እየሳሳ እየሳሳ ሲሄድ፣ መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ አዳመጠች።